በአርማንያ መታጠፊያ ስለጠፋው መብራትና ስለ ማሳው

የሸዋ ሮቢት የመንገድ ጥበቃ ፖሊስ ጣቢያ
የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወይዘሮ ፋዲላ ነጅሙዲን
ዕድሜ፦ ሃያ ሁለት ግድም
ሃይማኖት፦ እስላም
ሥራ፦ እርሻ
አድራሻ፦ ይፋት፣ ቀወት፣ ሾላ ግንድ መንደር
ከተከሳሹ ጋር ያላት ዝምድና፦ ሚስት
ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 1932 ዓ.ም.
ቃሉን ተቀብሎ የጻፈው፦ የጣቢያው ጸሐፊ ዓይናለም ተክለ ማርያም

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር በባለቤቴ በሷሊሕ አደም ጉዳይ የማውቀውን ለመናገር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከዚህ በፊትም መጥቼ «ሚስት ለባሏ አትመሰክርም» ተብዬ ከበር ተመልሻለሁ። ዛሬ የጣቢያው አዛዥ «ይጻፍላት» ስላሉ ተጻፈልኝ። ለባልሽ ታደያለሽ ተብዬ ተጠይቄ፣ አዎ አደላለሁ፣ ይህ አይደበቅም ብዬ መልሻለሁ። ነገር ግን ያን ዕለት በዚያ መብራት ላይ ዓይኑን ተክሎ የነበረ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ሚስት ያልሆነ ሰው ምን ቆርጦት የመኪና መብራት ሲጠብቅ ይውላል?

ባለቤቴ የተከሰሰበት ነገር ተነቦልኛል። ኅዳር 13 ቀን ሐሙስ ሲመሻሽ፣ የመንገድ ሥራው መኪና ከደብረ ሲና ዱቄት ጭና ወደ ሮቢ ስትወርድ፣ ከአርማንያ በታች ባለው መታጠፊያ ላይ መብራቷን እያበራና እያጠፋ በማሽላ ውስጥ ለተደበቁ ሽፍቶች ምልክት ሰጥቷል፣ «ማሳውን ያዙ» ብሎም ጮኾላቸዋል ይላል። ሽፍቶቹ ተኩሰው የመኪናዋን ሾፌር ሲኞር ረናቶን ክንዳቸውን አቁስለው ዱቄቱን ወስደዋል። ይህን የመሰከሩት ያን ዕለት ጠመንጃ ይዘው በመኪናዋ ላይ የነበሩት የመንገድ ጠባቂ፣ ጎረቤታችን ጋሼ ሐሚድ ናቸው። ባለቤቴ ጥፋተኛ ከተባለ እንደሚሰቀል ተነግሮኛል። የመጣሁት እንዳይሰቀል ነው። እኔ «ሰዎቹ» ብዬ የተናገርኩት «ሽፍቶቹ» ተብሎ ይጻፍ ስለተባለ እንዲሁ ተጽፏል።

ባለቤቴ ከጣልያኖቹ ጋር እንዴት ሊሠራ እንደገባ ተጠይቄ እንደሚከተለው መልሻለሁ። ኒካሕ ካሰርን በኋላ መንገዱ ሲሠራ ድንጋይ ሊሸከም ገባ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ድንጋይ ከመሸከም ሽቦ መያዝ ይቀላል ብሎ ደብረ ሲና ካለው ጋራዥ ገባ፣ ጋራዡም ያዘው። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት የሚመጣው ሐሙስ ሲመሽ ነው፤ ጁምዓን ከእኛ ጋር ሰግዶ ቅዳሜ ማለዳ ይሄዳል። ባል አለሽ ቢሉኝ አለኝ እላለሁ፣ የለሽም ቢሉኝም አልጣላም ነበር። መንደሩ «የፈረንጅ ፋኖስ ለኳሽ ሚስት» እያለ ያሾፍብኛል። እኔ ግን የሚያንገበግበኝ ሹፈቱ ሳይሆን ቅዳሜ ነው።

ስለ መኪናዋ የማውቀውን እንድናገር ታዝዤ እንዲህ ብያለሁ። ይህች መኪና አራቱም እግሮቿ የሚጎትቱ ናት። ሌሎቹ በኋላ እግራቸው ብቻ ስለሚገፉ የሮቢ ወንዝ ሲሞላና የቀወት ጥቁር አፈር ሲጨቀይ ተይዘው ይቀራሉ፤ እሷ ትወጣለች። የራሷ የፊት መብራቶች ግን ለጣርማ በር ዋሻና ጉም አይበቁም። ስለዚህ ሲኞር ረናቶ ከፊቷ ባለው አግድም ብረት ላይ ሌሎች ሁለት ትልልቅ መብራቶች እንዲጨመሩ አዘዙ። ሽቦውን የዘረጋውም መብራቶቹን ያሰረውም ባለቤቴ ነው።

አንቺ የእርሻ ሰው ነሽ፣ ይህን ከየት አወቅሽ ተብዬ ተጠይቄ፣ ከቤቴ ነው ብዬ መልሻለሁ። ባለቤቴ መብራቶቹን መኪናዋ ላይ ከማሰሩ በፊት መስታወቱ የተሰነጠቀ አንድ መብራትና አሮጌ ባትሪ ቤት ይዞ መጥቶ ይለማመድ ነበር። ለዚህ ሥራ ሁለት እጅ አይበቃም ብሎ የእኔን ጨመረበት። እሱ ያስራል፣ እኔ እይዛለሁ። ሐሙስ ተናፍቆ የመጣ ሰው ሽቦ ያዢልኝ ሲል መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ሽቦ ስንይዝ እጅ ለእጅ መነካካታችን ስለማይቀር ወደድኩት።

ያስተማረኝም ይህ ነው። ከባትሪው አንዱ አፍ የሚወጣው ሽቦ መጀመሪያ ቫልቮላ በሚሉት ቀጭን ሽቦ ያልፋል፤ ይህ ቀጭን ሽቦ ኃይል ሲበዛበት ራሱ ተቃጥሎ ሌላውን የሚያድን ነው። ከዚያ ሾፌሩ እጅ ሥር ወዳለው ማብሪያ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። አምፖሉ ጋ ሲደርስ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። ለመመለሻው ሌላ ሽቦ አይዘረጋም፤ የመብራቱ እግር ከመኪናዋ ብረት ጋር በደንብ ከተነካካ ብረቱ ራሱ ይመልሰዋል። ጣልያኖቹ ይህን ብረት «ማሳ» ይሉታል፣ ጋራዥ ውስጥ ያሉት የእኛ ሰዎችም እንደሰሙት «ማሳ» ይላሉ። በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ስጠይቀው «መመለሻ በይው» አለኝ። «ሄዶ የማይመለስ ነገር አይበራም፣ ፋዲላ» አለኝ። እሱ ያወራ የነበረው ስለ ሽቦ ነው። እኔ ግን ቅዳሜ እሱ ከሄደ በኋላ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ሳስበው ውያለሁ።

ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁበትንም ቀን ተናግሬያለሁ። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ሐሙስ መጥቶ ቁጭ አለ፣ እራት አልበላ አለ። ምን ሆንክ ስለው «ቀኑን ሙሉ ማሳ ፍለጋ ዋልኩ፣ አጣሁ» አለኝ። እኔ የማውቀው ማሳ የሚታረሰውን ነው። ልቤ ዘለለ። ጋራዡ ሰለቸው፣ መሬት ናፈቀው፣ ሊቀርልኝ ነው አልኩ። በማግስቱ ማለዳ እሱ ሳይነቃ አባቴ ቤት ሄጄ «አባዬ፣ ሷሊሕ ማሳ አጥቶ ተጨንቋል፣ እህል እንኳ አልቀመሰም» አልኳቸው። አባቴም «እንዲህ የሚያስጨንቅ ከሆነ የታችኛው ማሳዬ ጦሙን ያድር የለም ወይ፣ ይውሰደው። በፈረንጅ ጋሪ ሥር ተጋድሞ ከሚውል» አሉ። ከጁምዓ ሲወጡም መስጊድ በር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ሰጡት።

ባለቤቴ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ አባቴን ያመሰግናል፣ እኔን ያያል። ነገሩ ሲገባው ጫማውን አንድ እግሩ ላይ ብቻ እንዳጠለቀ ግድግዳ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቤት ገብተን የጣልያኑ ማሳ ምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ «እንዲህ ትፈልጊው ነበር እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እስከዚያ ቀን እንደምናፍቀው በአፌ ነግሬው አላውቅም ነበር፤ በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ይህን አትናገርም። እሱም «እንግዲያው እንዝራው። ማሽላው ሲታጨድ ጋራዡን እለቃለሁ፣ ወላሂ» አለ። ዘራነው። አሁን ማሽላው ደርሶ ቆሟል።

ይህ ከክሱ ጋር ምን ያገናኘዋል ተብዬ ተጠይቄ፣ እኔ የተሳሳትኩበት ቃልና ጋሼ ሐሚድ የተሳሳቱበት ቃል አንድ ነው ብዬ መልሻለሁ። እኔ ስሳሳት ማሳ አገኘሁበት። እሳቸው ሲሳሳቱ ባሌ ታሰረበት።

ተከሳሹ በዚያ መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ መብራት ያበራና ያጠፋ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አዎ፣ በየሐሙሱ ያደርገው ነበር፣ ግን ለእኔ ነው ብዬ መልሻለሁ። የተሰጠን ማሳ ከመታጠፊያው በላይ ነው። በማሳው መካከል ወፍ የሚጠበቅበት ማማ አለ፤ ማሽላው ካፈራ ጀምሮ ወንጭፍ ይዤ የምውለው እዚያ ላይ ነው። ከማማው ላይ መንገዱ ከአርማንያ በታች እስከ መታጠፊያው ይታያል። ባለቤቴ በዚህችው መኪና መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አዲሶቹን መብራቶች አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ፣ አንድ ጊዜ አጠር አድርጎ ያበራልኛል። ረጅሙ «መጣሁ» ማለት ነው። አጭሩ ምን ማለት ነው ተብዬ ተጠይቄ፣ እሱ የባልና ሚስት ነው፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ አይጻፍ ብዬ መልሻለሁ። መብራቱን ካየሁ በኋላ እሱ ሮቢ ወርዶ በእግሩ ወደ መንደር እስኪወጣ ያለው ጊዜ ከሳምንቱ ሁሉ ይረዝምብኛል።

በረመዳን ሐሙስ ሐሙስ መብራቱን ሳላይ አላፈጥርም ብዬ አባቴ ተቆጥተውኛል። «ፆም የሚፈታው በፀሐይ ነው እንጂ በመኪና አይደለም» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው።

ሲኞር ረናቶ ይህን ያውቁ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ያውቁ ነበር ብያለሁ። እሳቸውም በአገራቸው ሚስት ትተው እንደመጡ ባለቤቴ ነግሮኛል። አንዳንድ ሐሙስ መብራቱን የሚነኩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ የእሳቸው አጭር ትንሽ ስለምትረዝም ከማማው ላይ ሆኜ እለየዋለሁ። እሳቸው ቢጠየቁ እኔ ባልደከምኩ ነበር። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ተኝተው በትኩሳት ይቃዣሉ ተብሏል፤ ፍርዱ ደግሞ እስኪድኑ አይጠብቅም ተብሏል።

አሁን ወደ ዕለቱ ነገር እመለሳለሁ። ኅዳር 13 ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ማማው ላይ ነበርኩ። የወፎቹ ሰዓት አልፏል፤ መብራቱን ልይ ብዬ ነው የቆየሁት። ከጣርማ በር በኩል ጉም ወርዶ ነበር። የመኪናዋ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ረጅሙን ጠበቅሁ። መብራቶቹ ሊጠፋ እንዳለ ፍም ቀላ አሉና ጠፉ። ደግሞ ብልጭ አሉ፣ ጠፉ፣ ሁለቴ ተከታትለው ብልጭ አሉ፣ ጠፉ። ረጅምም አጭርም የለውም፤ ስቅታ የያዘው ሰው ይመስላል። ያን ጊዜ ማሳው መልቀቁን አወቅሁ። ምክንያቱም ቤት ስንለማመድ የመብራቱን እግር ላላ አድርጌ ስይዝ እንዲሁ ያደርግ ነበር፣ እሱም «ማሳውን ያዢ እንጂ፣ አፌን ታያለሽ እንዴ» ይለኝ ነበር።

መኪናዋ ቆመች። ባለቤቴ ወርዶ ከፊቷ ቆመ፤ በነጭ ቆቡ ለየሁት። በእጁ የመብራቱን እግር ሲያነቃንቅ መብራቱ እየበራ እየጠፋ ፊቱን ያሳየኝ ነበር። ከዚያ «ማሳው ለቋል! ጋሼ ሐሚድ፣ ማሳውን ይያዙልኝ!» ብሎ ሲጮህ በጆሮዬ ሰማሁ። ጋሼ ሐሚድ «ማሳውን ያዙ» ሲል ሰማሁ ብለዋል። ያለው ግን «ይያዙ» ነው። ጋሼ ሐሚድ ታላቃችን ስለሆኑ ባለቤቴ አንቱ ይላቸዋል እንጂ እንደ ጓደኛው «ያዝ» አይላቸውም። ለአንድ ሰው አክብሮ የተናገረው ለብዙ ሰው እንደተናገረ ተቆጠረበት። የመታጠፊያው ማሽላ ደግሞ የጋሼ ሐሚድ የራሳቸው ማሳ ነው። «ማሳውን ይያዙ» የተባለ ገበሬ ዞሮ የሚያየው ማሳውን ነው እንጂ የመኪና መብራት እግር አይደለም። ዞረው አዩ። ተኩሱም ከዚያው ከማሳቸው ውስጥ ወጣ።

ጋሼ ሐሚድ ቂም ይዘውብናል ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አልያዙብንም፣ ሰውዬው ውሸታምም አይደሉም፣ የሰሙትን ነው የተናገሩት ብዬ መልሻለሁ። ተኩሱ ከራሳቸው ማሳ ስለወጣ ፈርተዋል፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እፈራለሁ። ትናንት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ቃሉን ሳስረዳቸው ራሳቸውን ይዘው «ወይ አላህ፣ ልጄ፣ እንዲያ ነው እንዴ?» ብለውኛል። ቃላቸውን ለምን እንዳልለወጡ ስጠይቃቸው «አንዴ ተጽፏል» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ «ማሳ» የሚለውን ይዟል፤ ሞኟ ደግሞ እኔ ነኝ፣ አለቅም።

ሽፍቶቹን አይተሻቸዋል ወይ፣ ከመካከላቸው የምታውቂው አለ ወይ ተብዬ ደጋግሜ ተጠይቄ፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ እኔም አይ የነበረው መብራቱን እንጂ ማሽላውን አይደለም ብዬ ደጋግሜ መልሻለሁ። ያቺ መኪና ስትመጣ ከአርማንያ እስከ ሮቢ የማይሰማት ደንቆሮ ብቻ ነው። መምጣቷን ለማወቅ መብራት የሚያስፈልገው ሰው የለም፤ ለእኔም የሚያስፈልገኝ መምጣቷን ለማወቅ ሳይሆን እሱ በውስጧ መኖሩን ለማወቅ ነው።

መብራቱ ያን ዕለት ለምን እምቢ አለ ተብዬ ተጠይቄ፣ በቀለሙ ምክንያት ነው ብዬ መልሻለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲያስራቸው የአግድሙን ብረት ቀለም እስከ ነጩ ድረስ ፍቆ ነበር። ከኅዳር 13 በፊት በነበረው ሐሙስ ቤት ሲመጣ እንደነገረኝ ግን፣ ትልቅ ሹም ስለሚመጣ መኪናዋ ትቀባ ተብሎ፣ ቀቢው መብራቶቹን ፈቶ ብረቱንም የመብራቶቹንም እግር ቀብቶ በቀለሙ ላይ መልሶ አሰራቸው። ቀለም መመለሻውን ይዘጋል። ባለቤቴ ልፋቀው ቢል፣ ሹሙ እስኪሄድ ቆይ ተባለ። መኪናዋ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ስለቆመች ይህን በዓይናችሁ እዩት ብዬ ለምኛለሁ። አዛዡም ካሰቡ በኋላ ፈቅደዋል።

በጸሐፊው፣ በአዛዡና በአንድ ጣልያን ሾፌር ፊት የሆነው ይህ ነው። ሾፌሩ ማብሪያውን ሲነካ መብራቶቹ ቀሉ እንጂ አልበሩም። ባለቤቴ «መብራት እምቢ ሲል አትቆጪው፣ ከባትሪው ጀምረሽ መንገዱን በእግርሽ ሂጂበት» ይለኝ ስለነበር እንዲሁ አደረግሁ። ጡሩምባዋ ስትነካ ስለጮኸች ባትሪው ደህና ነው። ቫልቮላው አልተቃጠለም። ሾፌሩ የግራውን አምፖል ከሌላ መኪና በወሰደው አምፖል ቢለውጠውም ያው ነው። ከዚያ ሽቦ ለምኜ አንዱን ጫፍ በመብራቱ እግር መቀርቀሪያ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በባትሪው ሁለተኛ አፍ ላይ አስነካሁ። በራ። ሳነሳው ቀላ፣ ሳስነካው በራ። መሄጃው ደህና ነው፣ የጠፋው መመለሻው ነው አልኩ።

አዛዡ «ያለዚህ ሽቦ አብሪው» አሉኝ። ሾፌሩ መብራቱን ፈታልኝ፤ እኔም ብረቱን በካቻቢቴ እስኪነጣ ፋቅሁት፣ ታሰረ፣ ማብሪያው ተነካ። አልበራም። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ የባሌ አንገት በእጄ ላይ ያለ መሰለኝ፣ ዱዓ እንኳ አልመጣልኝም። ጸሐፊው ውሃ አምጥተው «እስቲ ቀስ ብለሽ አስቢ፣ እህቴ» አሉኝ። ቀስ ብዬ ሳስብ ቀለሙ በሁለት ወገን መቀባቱ ትዝ አለኝ፤ እኔ የፋቅሁት ብረቱን ብቻ ነው፣ የመብራቱን እግር አልፋቅሁም። መመለሻ በአንድ ወገን ብቻ አይሆንም። እግሩንም ፋቅሁት፣ በደንብ ታሰረ፣ ሾፌሩ ማብሪያውን ነካ።

መብራቱ ፊቴ ላይ በራ። ይህን መብራት ስጠብቀው የኖርኩት ከሩቅ ነው፣ በቅርብ አይቼው አላውቅም ነበር። ለምን ታለቅሻለሽ ተብዬ ተጠይቄ፣ ብርሃኑ ዓይኔን ወግቶኝ ነው ብያለሁ፤ እንዲሁ ይጻፍልኝ። ከዚያ መቀርቀሪያው ላላ ተደርጎ ሾፌሩ መኪናዋን ሲያወዛውዛት መብራቱ ስቅታ እንደያዘው ሰው ብልጭ ድርግም አለ። ኅዳር 13 ቀን ከማማው ላይ ያየሁት ይኸው ነው፣ ጨምሬም ቀንሼም አልተናገርኩም ብያለሁ። አዛዡም መቀርቀሪያውን በራሳቸው እጅ አጥብቀውታል።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ቀርቦልኛል። ባለቤቴ ትናንት ጠዋት እጁ ታስሮ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወሰድ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ «ፋዲላ፣ ማሳውን ያዢልኝ» ብሎኛል። ጠባቂዎቹ ሰምተው አስመዝግበዋል። የትኛውን ማሳ ነው፣ ለማንስ የተላከ መልእክት ነው ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ለእኔ የተላከ ነው። የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ እሱን የጫነው መኪና እየሄደ ነበር። ማሽላው እንዳይረግፍ አጭጂልኝ ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሲታጨድ እመለሳለሁ ብሎ ምሎልኛልና። መመለሻዬን ያዢልኝ ማለቱም ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለቱንም ይዣለሁ። ማሽላውን ግን እሱ እስኪመጣ አላጭድም፤ ወፍ ቢጨርሰውም አላጭድም። ትናንትም ማማው ላይ ወጥቼ ነበር።

ይህ ቃሌ ወደ ደብረ ብርሃን የሚላከው ነገ በዚህችው መኪና እንደሆነ ተነግሮኛል። ስለዚህ አንድ ልመና ጨምሬያለሁ። መኪናዋ ስትመለስ ባለቤቴ በውስጧ ካለ ሾፌሩ መታጠፊያው ላይ አንድ ረጅም አንድ አጭር ያብራልኝ። ከሌለ ግን ሊያጽናናኝ ብሎ እንዳያበራ። ጨልሞ ካለፈ ይገባኛል።

ከላይ የተጻፈው ቃል በሙሉ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ያልሆነ አልጨመርኩም፣ የሆነውን አላስቀረሁም፤ ሐሰት ቢገኝብኝ በዱንያም በአኺራም ልጠየቅበት ብዬ የቀኝ አውራ ጣቴን አሻራ አድርጌያለሁ።

የምስክሯ አሻራ፦ ወይዘሮ ፋዲላ ነጅሙዲን (በጣቷ ላይ ከመኪናዋ የተፋቀ ቀለም ስለነበረ አሻራው ደብዝዟል)
ቃሉን የተቀበለው ጸሐፊ ፊርማ፦ ዓይናለም ተክለ ማርያም
የጣቢያው አዛዥ ፊርማና ማኅተም፦ ተፈርሟል

ከፊርማው በኋላ በጸሐፊው የተጨመረ፦ ምስክሯ ስለ መብራቱ ያቀረበችው ልመና ከክሱ ጋር ግንኙነት ስለሌለው ውሳኔ አልተሰጠበትም። ለሾፌሩ ግን በቃል ተነግሮታል። ረጅሙን አንድ ጊዜ፣ አጭሩን አንድ ጊዜ መሆኑን መልሶ እንዲናገር ተደርጎ በትክክል ተናግሯል።